ጥርስ የጎደላት ቴምብር

መስከረም 9

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገብ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ካላመመ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ዝም ማለቴን በክፉ አትይብኝ። የባሕር ማዶ ኑሮ ሩጫ ነው፤ ሰው ሞተ ሲሉሽ እንኳ ቆመሽ ለማልቀስ ጊዜ የለም። አባትሽ ሲያርፍ ያልመጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ሌላ ነገር ኖሮ አይደለም።

አሁን የምነግርሽ የደስታ ወሬ ነው። አንቺ ከአባትሽና ከእኔ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ እየለቀምሽ ስላደግሽ ነገሩ ይገባሻል። ያቺ ሰማያዊ ባለ መርከብ ቴምብር ሁለት ዓይነት እንደሆነች ታስታውሻለሽ። ተራዋ በየቤቱ አለች፦ ወረቀቷ ስስ፣ በዙሪያዋ ያለው ጥርስ ደቃቅ፣ ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀችው ኮከብ ቀጥ ብላ መሐል ላይ የምትታይ። ብርቅዬዋ ግን ወረቀቷ ወፍራም፣ ጥርሷ ሰፋፊ ነው፤ ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ በጎኑ ስለገባም ኮከቧ ተጋድማ ወደ ጠርዝ ሸሽታለች። እንዲህ ያለችው አንዲት እኔ እጅ ገብታለች! በመጋቢት በሚከፈተው ትልቅ የቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ዳኞች ፊት ትቀርባለች። ከተቀበሏት ከዚያ ወዲያ በአግኚዋ ስም ትጠራለች፤ ማለትም በእኔ ስም።

አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። አባትሽ ቴምብር በቤንዚን እየነከረ ኮከቧን የሚያይባት ጥቁር ሳህንና ጥርስ የሚለካበት ማስመሪያ ካሉ ላኪልኝ። አሮጌ ዕቃ ከጎኗ ሲቀመጥ የሰው ዓይን ይስባል።

ስለ ድሮው ጉዳይ፣ አባትሽ ያን በእጅ የተሠራ ጥርስ ይዞ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ፊት ስለቀረበበት ቀን፣ በልቤ ምንም ቂም እንደሌለ እወቂልኝ። ሰው ይሳሳታል። ወንድሜ ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

የቴምብሯን ፎቶ በካርድ አሳትሜ ልኬልሻለሁ። ለሥራ ባልደረቦችሽ አሳዪ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ጥቅምት 26

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ምንም ሳይጎድል ይድረስዎ። ወገብዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው መጠረዣ ቤት ነኝ፤ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ጀርባ እለጥፋለሁ።

ሳህኑንና ማስመሪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ሳህኑ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፤ የሸረፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ከአባቴ እጅ ወድቆ ነው።

ካርዱን እንዳሉት ለባልደረቦቼ አሳየሁ። የወረቀት መቁረጫውን ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ በምላሱ ስለት ምላጭ የምንለው ሰው አለ። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፌው ሳለ አየና፣ «ይቺ ሚጢጢ ናት ባሕር ማዶ ኤግዚቢሽን የምትገባው? እኔ እኮ እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ በጆንያ ነው የምጥለው። ከዛሬ ጀምሮ ወለሉን እንዳትጠርጉ!» አለ። ሳቅን። ቀጥሎ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቀረብ አለና፣ «ግን እኮ ወላቃ ናት» አለ።

እኔም ሳየው በቀኟ በኩል ከላይ ሦስተኛዋ ጥርስ የጎደለች መሰለኝ። ወይስ ፎቶው ነው? ዳኞች እንዲህ ያለውን አይወዱም ሲል አባቴን ሰምቼው አውቃለሁ። እንዳያዝኑብኝ እንጂ፣ የት እንዳገኟትም ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የአባቴን ፎቶ ከማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ካወረዱት ወዲህ አልሰቀሉትም። አልፎ አልፎ ጎራ ብዬ ቦታውን አየዋለሁ። ምስማሩ አለ።

የወንድምዎ ልጅ


በዚያው ቀን፣ ያልተላከ

አጎቴ፣

ይቅር ብዬዋለሁ ይላሉ። ማን ማንን?

ያቺ ቴምብር የአባቴ ናት። «ባሕር ማዶ ላለ መርማሪ አሳይቼልህ እመጣለሁ» ብለው ከእጁ ወሰዷት። ሲመለሱ በታሸገ ፖስታ ሌላ ሰጡት፤ ጠርዟ ሰፋ ያለ ተራ ቴምብር ከርክመው፣ ጥርሷን በመርፌ እንደ አዲስ በስተው። አባቴ የማንንም ቴምብር ሳይነክር አይቀበልም ነበር። ያቺን ግን አልነከራትም። ወንድሙ የሰጠውን በቤንዚን መፈተን ወንድሙን መፈተን መስሎት አፈረ። እንደታሸገች ይዟት ማኅበሩ ፊት ቀረበ።

ሳህኑ ውስጥ ስትገባ ኮከቧ ቀጥ ብላ መሐል ላይ ታየች። እርስዎ ያኔ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ «ወንድሜ ነው፤ ግን እውነት ከወንድም ትበልጣለች። ይህ ጥርስ በእጅ የተሠራ ነው» አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዎታለሁ። አባቴ «ይቺ የእኔ አይደለችም» ሲል ሰዎች ሳቁ። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐሰተኛ ቴምብር ሠራ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወረንጦ አልጨበጠም። መጨረሻው አካባቢ ሳህን ሲቀርብለት እንኳ «ይሄ የእኔ ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ቴምብሯ መንታ ነበረች። እርስዎ ሳያዩአቸው በፊት አባቴ ሁለቱን ነጣጠላቸው፤ የቀኟ ፊቷ የተፋቀ ስለነበር ለእኔ መጫወቻ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ ናት። ሲለያዩ ሦስተኛዋ ጥርስ መሐል ላይ አልተቀደደችም፤ የእርስዎዋን ድርሻ ጠቅልላ ከእኔዋ ጋር ቀረች። ኮከቧም ግማሿ እዚያ፣ ግማሿ እዚህ ነው።

ብቻዋን ግን ምን ትመሰክራለች? ጥንዷ የት እንደገባች ሳላውቅ ጥርሴን ነክሼ ኖርኩ። አሁን ራስዎ ፎቶዋን ላኩልኝ።

ቴምብሯን አልፈልጋትም። የምፈልገው አባቴ ምስማሩ ላይ እንዲመለስ ነው። እርስዎ ደግሞ እሱ በቆመበት ቦታ፣ እሱ በቆመበት ዓይነት እንዲቆሙ።


ኅዳር 17

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ቸር ወሬሽ ደረሰኝ፤ ከነዕቃው። እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ መርፌሽ አይታጠፍ። ሳህኑ መሸረፉ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ አሮጌ ያስመስለዋል።

የት አገኘሃት ላልሽኝ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ባሏ የሞተባት ሴት ከሸጠችልኝ የአሮጌ ፖስታ ክምር ውስጥ ነው። ከእኔ በፊት የሰብሳቢ ዓይን አላረፈባትም። ይህንኑ ጽፌ ለዳኞቹ በፊርማዬ ሰጥቻለሁ።

ያ ምላጭ የምትሉት ሰው ግን አፉን ይዝጋልኝ! ወላቃ ይበላት? እውነቱን ልንገርሽና፣ ያንቺ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ምላስ ጥርስ ወደወለቀበት እንደምትሄድ ዓይኔም ከዚያች ቦታ አልነቀል አለ። ድሮ ሳያት ይህን ያህል የጎደለች አትመስለኝም ነበር። ሰው ቤት ስገባ ስወጣ የማየው የሰው ጥርስ ሆኗል።

እስቲ የአባትሽን ሣጥን ፈትሺልኝ። የዚያ ቴምብር ባዶ ጠርዝ፣ ያ ሥዕል የሌለበት ነጩ ዳር፣ ካለ ላኪልኝ። ወፍራሙን ነው የምፈልገው። ለማነጻጸር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቶሎ ብትዪልኝ ደግ ነው፤ ጊዜው እየሄደ ነው።

አጎትሽ


ጥር 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

አዲሱ ወር ለእርስዎም ለቤትዎም የጤና ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብን ነው፤ ደግሞም የአባቴን ሣጥን ለመክፈት ልብ ማግኘት ነበረብኝ።

ጠርዝ ነበረ። ወፍራሙን ብለውኛል፤ ከነበሩት ውስጥ ወፍራሙን በጣቴ ዳስሼ መርጫለሁ። ከዚያ የቀረውን ምርመራ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

እዚህ ሰሞኑን አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ምላጭ የአንድ ትልቅ መጽሐፍ ልባስ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ችኩል ስለሆነ የወረቀቱን ጅማት አላየም። ወረቀት እንደ ሥጋ ጅማት አለው፤ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ጅማቱ ሳይገጥም ከተለጠፈ ሲደርቅ ምንም አይመስልም፤ ትንሽ እርጥበት ሲያገኘው ግን ለብቻው ይነሣል። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ መጽሐፉ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጠበቀው። ምላጭ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማዛጋቱ ነው፤ ገና አንድ ገጽ ሳያነቡት ደክሞታል» አለ።

አሁን ደግሞ እኔ ልለምንዎት። ቴምብርዎን ለዳኞች ከማቅረብዎ በፊት ለማኅበሩ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። «ወንድሜ ያን ጥርስ አልሠራም» የምትል አንዲት መስመር። እንዴት አወቅህ ቢሉዎት የፈለጉትን ምክንያት ይስጡ፤ እኔ አልጠይቅም። እርስዎ በተናገሩት ስለወረደ እርስዎ ሲናገሩ ይሰቀላል።

ሌላ ልመና የለኝም። ይህችን ብቻ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 11

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጠርዙ በደህና ደረሰ፤ ባለውለታዬ ነሽ። ደግሞ ስሚ፣ ቴምብሯ ለካ ጥርሷ ሙሉ ናት! ፎቶ አንሺው ነው በጥላ ያጎደላት። ራሴ በአጉሊ መነጽር ደጋግሜ አየኋት። አዲስ ካርድ አሳትሜ ልኬልሻለሁ፤ ለዚያ ለምላጭ አሳዪና አፉን አስዘጊልኝ። የፊተኛውን ካርድ ቅደጂው።

ስለ መጽሐፍ ልባስ የጻፍሽው ረዘም ስላለብኝ አልጨረስኩትም። ያው የሥራ ቤት ወሬ ነው።

ስለዚያች መስመር ግን፣ ልጄ፣ የሞተ ሰው ስም ምን ያስቆፍራል? አባትሽ ራሱ ዝም ብሎ ተቀብሎታል። እኔ ዛሬ ተነሥቼ እንዲያ ብዬ ብጽፍ «ታዲያ ያኔ ዋሽተህ ነበር?» አይሉኝም? በዚህ ሰዓት ስሜ ላይ ነጥብ እንኳ እንዲያርፍ አልፈልግም። ኤግዚቢሽኑ ይለፍና እንነጋገራለን። አንቺን ግን አልረሳሁሽም፤ ከሳህኑ ሥር «ከቤተ ዘመድ የተሰጠ» ብዬ አጽፌያለሁ። ቤተ ዘመድ ማለት አንቺ ነሽ።

አጎትሽ


የካቲት 29

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከወትሮው ሳይቀንስ ይድረስዎ። አዲሱ ካርድ ደርሶኛል። የፊተኛውን አልቀደድኩትም።

ከጀርባዎ ሠራችው እንዳይሉኝ ያደረግሁትን ልንገርዎ። የማኅበሩን ሊቀ መንበር፣ መድኃኒተኛውን፣ አይረሷቸውም። አርጅተዋል፤ መድኃኒት ቤታቸውን ዘግተዋል፤ የቴምብር መጽሐፎቻቸውን ግን አሁንም እኛ ዘንድ ያስጠርዛሉ። ባለፈው ሳምንት ሲመጡ ሁለቱን ካርዶችና የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ የነበረችውን ቴምብር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። አዎ፣ መንታ ነበረች። የእርስዎዋ የግራዋ ናት፤ የእኔዋ የቀኟ ናት።

መነጽራቸውን ጠርገው አንዴ አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«አባቴ ልጅ ሳለሁ የሰጠኝ ናት።»

«ካርዶቹስ?»

«አጎቴ የላኩልኝ ናቸው።»

«ሁለቱም የአንድ ቴምብር ናቸው?»

«አዎ። በጥቅምት ወላቃ ነበረች፤ በየካቲት ጥርስ አበቀለች።»

ምላጭ ማሽኑን አቁሞ፣ «በዚህ ዕድሜዋ!» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ደንግጦ ማሽኑን መልሶ አስነሣ።

መድኃኒተኛው የእኔዋን ቴምብር አንሥተው ከፊተኛው ካርድ ጎን አስጠጉ። የእኔዋ ረጅም ጥርስ ከእርስዎዋ ጉድለት ፊት ለፊት ቆመች። ከዚያ ቤንዚን አስመጡና ጥቁር ክዳን ላይ ነከሯት። የተጋደመች ግማሽ ኮከብ በግራዋ ጠርዝ ታየች።

«አባትሽን ከማኅበሩ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ወደ እርስዎ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፍላቸው ዳኞቹ አይሰሙትም።»

ቴምብሬንና የፊተኛውን ካርድ ከደብዳቤያቸው ጋር በአደራ ፖስታ ልከዋል። ዳኞቹ የእርስዎዋን ሞቅ ባለ መዳፍ ላይ አኑረው ትንሽ እንዲተነፍሱባት ከሥሩ ይጻፉልኝ ብያቸው ጽፈዋል። ምክንያቱን ያልጨረሱት ደብዳቤዬ ላይ ያገኙታል።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 20

ምን አደረግሽኝ? ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው!

ሦስት ሆነው ከበው አዩአት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። አንዱ መዳፉ ላይ አስተኛትና እፍ አለባት። ሌላው ጥርስ ሁሉ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፤ ያቺ አንዲቷ ብቻ ተገትራ ቆመች። ከዚያ ያንቺን አውጥተው፣ ረጅሟን ጥርስ በዚያችው ላይ ደርበው፣ ከጎኗ ገጠሟት። ገጠመች። ሳህኑ ውስጥ ሁለቱን ሲያኖሯቸው ኮከቧ ሙሉ ሆነች፤ በአባትሽ ሳህን ውስጥ። ሽማግሌው ዳኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ ጥርስ በእጅ የተሠራ ነው» አለ። «ባሏ ከሞተባት ሴት ነው የገዛኋት» ልል አፌን ስከፍት አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ።

ጠርዙን የላክሽው አንቺ ነሽ! ለምን እንደፈለግሁት ታውቂ ነበር። ጥርሷን ያስታወስሽኝም አንቺ ነሽ። እኔ እስክትነግሪኝ ድረስ መች አየኋት?

ደም ነን እኮ። አባትሽ ቢኖር ይህን አያደርግብኝም። ለዳኞቹ ጻፊልኝ፤ አባቴ በፈቃዱ ለአጎቴ ሰጥቷት ነበር በያቸው። ያን መስመር እጽፍልሻለሁ። አሥር መስመር እጽፍልሻለሁ። እባክሽን ልጄ፣ ቶሎ።


ሚያዝያ 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ዛሬም ሳይጎድል ይድረስዎ። ወገብዎ ተሽሎት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዎ፣ ከጠርዙ ጥርስ ቆርጠው ሊቀጥሉባት እንደፈለጉ አውቅ ነበር። ጅማቱ ተሻግሮ የሚሄደውን ጠርዝ መርጬ ነው የላክሁልዎ። በግልጽ ጽፌልዎትም ነበር፤ የሥራ ቤት ወሬ ሆነብዎ። አንዲት መስመርም ለምኜዎት ነበር። ያኔ ጽፈዋት ቢሆን የክር ቆርቆሮዬን አልከፍተውም ነበር፤ እርስዎም ወላቃ ቴምብርዎን ይዘው በስምዎ ያስጠሯት ነበር። አሁን መስመሩ አያስፈልገኝም። መድኃኒተኛው በራሳቸው እጅ ጽፈው አዳራሹ ውስጥ ቆመው አነበቡት።

አባቴ ተሰቅሏል። አዲስ ምስማር እንምታ ሲሉኝ አይሆንም አልኩ፤ በአሮጌው ላይ ነው የተሰቀለው። ምላጭ ለክብሩ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቶ ነበር። ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና፣ «ሰውዬው ጨዋ ይመስላል፤ በእናንተ ዘር ውስጥ ምላስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው» አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ለዳኞቹ አልጽፍላቸውም። ቴምብርዎ ጀርባ ላይ «ጥርሷ የተቀጠለ» የሚል ማኅተም እንደመቱበት ነግረውናል። አባቴ ይህንኑ ማኅተም ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የተቀበረው፤ እርስዎ ገና በሕይወት ስላሉ ይለምዱታል።

ሰዎች በቀል አያጠግብም ይላሉ። እኔ ጠግቤያለሁ። ሌሊት እተኛለሁ፤ ቀን እሰፋለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዲት ቴምብር ያገኛሉ። ያኔ በታሸገ ፖስታ ለአባቴ ያመጡለት ናት። ከማኅበሩ ሲባረር ይዟት ተመልሶ፣ ሊጥላትም ሊያያትም አቅቶት ሣጥኑ ግርጌ አኑሯት ነበር። ሳህኑ እርስዎ ዘንድ ስላለ ይንከሯት። ኮከቧ ቀጥ ብላ መሐል ላይ ትታያለች፤ ጥርሷም አንድ አልጎደለም።

አባቴ «ይቺ የእኔ አይደለችም» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀበት። እውነቱን ነበር። የእርስዎ ናት።

የወንድምዎ ልጅ